ቆሻሻ የጠላ ወርቅ አያገኝም!
ሜታል ዲቴክተር ለመግዛት ላሰባችሁ፣ ከተቃጠለ ሰው የተሰጠ ምክር

ሜታል ዲቴክተር ሲባል አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ቶሎ ትዝ የሚለው የሆቴል በር ላይ ያለው ፍተሻ ነው። እጅ ወደ ላይ፣ ዞር በል፣ "ቁልፍ ነው ጌታዬ"… በቃ። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ሌላው ዓይነት ነው። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ክብ ሳህን የመሰለ ነገር ያለበት፣ ሰዎች ቅዳሜና እሁድ ሜዳውንና የባሕር ዳርቻውን ሲጠርጉበት ስለሚውሉት። ፈረንጆቹ እንደ ዓሣ ማጥመድ መዝናኛ አድርገውታል። አንዱ የድሮ ሳንቲም ይፈልጋል፣ አንዱ የጠፋ ጌጥ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ለመውጣት ብቻ ሰበብ ይፈልጋል። እኔ ግን ወድጄ አልገባሁበትም። የባለቤቴ ቀለበት ነው ያስገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ሆነላችሁ

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ሥራዬ ታክሲ መንዳት ነው። አንድ የነሐሴ እሁድ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ኦሽን ሲቲ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ሄድን። ባለቤቴ ቅባት ልትቀባ ቀለበቷን አወለቀችና እንዳይጠፋ ብላ ጫማዋ ውስጥ ከተተችው። ትንሹ ልጃችን ደግሞ ጫማውን እንደ አካፋ ቆጥሮ አሸዋ ሲዝቅበት ዋለ። ልብ ስንል ውሃው እየሞላ፣ ልጁ የቆፈረውን ሁሉ እያስተካከለው ነበር።

ቀለበቱ ከፒያሳ ወርቅ ቤት አብረን ሄደን፣ ዋጋ ተከራክረን የገዛነው ጥንድ ነው። አንዱ እኔ ጣት ላይ አለ። በእጃችን አሸዋ ስንቧጥጥ መሸ። መኪና ውስጥ ስንገባ እኔ ሆዬ "ምነው ጣትሽ ላይ ብትተዪው ኖሮ?" አልኳት። ያቺን ቃል ባልተናገርኩ! የሦስት ሰዓት መንገድ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ቤት ደረስን። ሌሊት ስነቃ ባዶ ጣቷን እያሻሸች ተቀምጣለች።

በማግስቱ ሮጬ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ "ይሄ ቆሻሻውን እየዘለለ ወርቁን ብቻ ይነግርሃል" አለኝ። 130 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ። በሚቀጥለው እሁድ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ደረቁ አሸዋ ላይ ደህና ነበር። ባሕሩ የሚያርሰው አሸዋ ላይ ስደርስ ግን መሣሪያው እንደ ተረገጠ ውሻ ይጮህ ጀመር። ኃይሉን ቀነስኩት፣ ቀነስኩት… ዝም አለ። የቢራና የለስላሳ ጣሳ መክፈቻዎችም እንዳያስቸግሩኝ ዘጋኋቸው። አምስት ሰዓት ሙሉ ወዲህና ወዲያ ስል ውዬ አንድ የዛገ ምስማር ይዤ ተመለስኩ።

ሽማግሌው ያሳዩኝ ጉድ

ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ አንድ ጡረተኛ አሜሪካዊ ሽማግሌ አገኘሁ። የጆሮ ማዳመጫ አጥልቀው፣ ወገባቸው ላይ ቦርሳ ታጥቀው ቀስ እያሉ ይጠርጋሉ። ችግሬን ነገርኳቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ "ስንት የጣሳ መክፈቻ አወጣህ?" ብለው ነው።

"አንድም። ዘግቼዋለሁ" አልኩ በኩራት።

ሳቁ። "እስቲ ቀለበትህን አውልቅና እደረቁ አሸዋ ላይ አስቀምጠው" አሉኝ። አስቀመጥኩ። "በል መሣሪያህን አሳልፍበት።"

አሳለፍኩ። ዝም! ደገምኩ። ዝም! የገዛ ቀለበቴን፣ የሚስቴን ቀለበት ጥንድ፣ በዓይኔ እያየሁት መሣሪያዬ እንደሌለ ቆጥሮት አለፈ። ሽማግሌው የእሳቸውን አሳለፉበትና ሰሌዳው ላይ የወጣውን ቁጥር አሳዩኝ። ከዚያ ከቦርሳቸው አንድ የጣሳ መክፈቻ አውጥተው አጠገቡ ጣሉ። ያው ቁጥር፣ ያው ድምፅ!

"በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" ይባል የለ? የኔው ከጣሳ መክፈቻ ተቆጠረ።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። መሣሪያው ወርቅን አያውቅም። ሳህኑ መግነጢሳዊ ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፣ ብረታ ብረት ካለ ውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፣ ሳህኑ ያንን መልሶ ያዳምጣል። የሚለካው የዕቃውን መጠን፣ ቅርፅና ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ነው። ብርና መዳብ ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣሉ። ቀጭን የወርቅ ቀለበት፣ የአምስት ሳንቲሟ የአሜሪካ ኒኬልና የጣሳ መክፈቻ ግን መሐል ላይ አንድ ሠፈር ናቸው። መክፈቻውን የዘጋ ቀለበቱንም ይዘጋል። ስለዚህ "ወርቅ ብቻ የሚናገር" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ!

እንግዲያው ምን እንግዛ?

አንደኛ፣ የት እንደምትፈልጉ ወስኑ። ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ይሄ ይቅደም። ለግቢ፣ ለሜዳና ለደረቅ አሸዋ በአንድ ሞገድ ብቻ የሚሠራው ተራ መሣሪያ በቂ ነው። ከ150 እስከ 300 ዶላር ባለው ዋጋ ለጀማሪ የሚሆን ደህና ዕቃ ይገኛል። የጨው ውሃ የነካው አሸዋ ግን ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ተራውን መሣሪያ ያሳብደዋል። የኔ የጮኸው ለዚህ ነበር። ለባሕር ዳርቻ በአንድ ጊዜ ብዙ ሞገድ የሚጠቀመው ይሻላል። ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለው ዓይነትም አለ። ጨውም ሆነ ማዕድን የበዛበት አፈር ብዙ አያስቸግረውም፣ ጠልቆም ይሰማል። ነገር ግን ምስማሩን ከቀለበቱ ለይቶ መናገር ስለማይሆንለት ያገኘውን ሁሉ ያስቆፍራችኋል።

ሁለተኛ፣ ምን እንደምትፈልጉ እወቁ። ሳንቲምና ጌጥ ለሚፈልግ ሁሉን አቀፉ ይበቃዋል። ከአፈርና ከድንጋይ መሐል ጥቃቅን የተፈጥሮ ወርቅ የሚፈልጉት መሣሪያዎች ግን ሌላ ናቸው። በጣም ፈጣን ሞገድ ወይም ፐልስ ኢንዳክሽን ይጠቀማሉ፣ ምርጦቹ በሺዎች ዶላር ይሸጣሉ። ለመዝናኛ ብሎ እነሱን መግዛት ለገበያ መዋያ የጭነት መኪና እንደመግዛት ነው።

ሦስተኛ፣ ጥልቀት አያታልላችሁ። ደህና መሣሪያ አንዲት ሳንቲም የሚሰማው ሃያ፣ ቢበዛ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ድረስ ነው። ካርቶኑ ላይ "ሁለት ሜትር" የሚል ካያችሁ የሚያወራው ስለ በርሜል ያህል ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛ፣ ውሃ ይችላል ወይ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ሳህኑ ውሃ ይችላል ማለት ላይ ያለው የመቆጣጠሪያ ሣጥን ይችላል ማለት አይደለም። "እስከ ስንት ሜትር? ሳህኑ ወይስ ሁለመናው?" ብላችሁ ጠይቁ።

አምስተኛ፣ ክንዳችሁን አማክሩ። ሱቅ ውስጥ አንስታችሁ አሥር ደቂቃ ወዲህና ወዲያ አወዛውዙት። በአሥረኛው ደቂቃ የከበደ በሦስተኛው ሰዓት ትከሻ ይነቅላል። የሳህኑንም ስፋት እዩ። ሰፊው ብዙ ቦታ ይሸፍናል፣ ጠለቅ ብሎም ይሰማል፤ ትንሹ ደግሞ ቆሻሻ በበዛበት ቦታ ምስማር አጠገብ ያለችውን ሳንቲም ለይቶ ያወጣል።

ስድስተኛ፣ የራሳችሁን ቀለበት፣ አንድ የጣሳ መክፈቻና አንድ ምስማር በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩን "እነዚህን አሰማኝ" በሉት። ይህቺ ነፃ ምርመራ ከሻጩ ንግግር ሁሉ ትበልጣለች። ብረት አፍ ያለው ጫማ አድርጋችሁ ግን አትፈትኑ። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ ስልክ በመፍጠሩ የምናውቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቷን በእንዲህ ያለ መሣሪያ ሊፈልግ ሞክሮ ነበር። አላገኛትም። ካሰናከሉት ነገሮች አንዱ ሕመምተኛው የተኙበት አልጋ ሽቦ ነው።

ሰባተኛ፣ ገንዘባችሁን በሙሉ ለመሣሪያው አትጨርሱ። የጆሮ ማዳመጫ፣ የአሸዋ መዛቂያ ወንፊትና ጉድጓድ ውስጥ ዕቃው ያለበትን የምታመላክት ትንሿ በእጅ የምትያዝ ጠቋሚ ያስፈልጋሉ። ከዚያ የመሣሪያውን ቋንቋ ለመልመድ ብዙ ቅዳሜዎች ያስፈልጋሉ። ሽማግሌው "ርካሹን የሚያውቅ ሰው ውዱን ከማያውቅ ሰው ብዙ ያገኛል" ብለውኛል።

ከዚህ ግን ተጠንቀቁ!

ሁለት አንቴና ይዞ "ወርቅ ከመቶ ሜትር ይጠቁማል" የሚል ዕቃ ካያችሁ እግሬ አውጪኝ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ እንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት አሥር ዓመት ተፈርዶበታል። ምን አድርጎ? ከጎልፍ ኳስ መፈለጊያ መጫወቻ የተኮረጀ ባዶ ዕቃ "ቦምብ ጠቋሚ ነው" እያለ በሺዎች ዶላር ለኢራቅና ለሌሎች አገሮች ሸጦ! መጫወቻው የሰው ሕይወት ላይ ቀልዶ አለፈ። የወርቁ አንቴናም የዚሁ ዘመድ ነው።

ሕጉንም ሳታውቁ አትቆፍሩ። እኔ የምሄድበት የኦሽን ሲቲ ዳርቻ ይፈቀዳል። እዚያው በስተደቡብ ያለው የአሳቲግ ደሴት ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ግን የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ ሜታል ዲቴክተር መጠቀም ክልክል ነው። የሰው ግቢ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ። የቆፈራችሁትን ድፈኑ፣ ያወጣችሁትን ቆሻሻ ይዛችሁ ውጡ።

ትልቅ ነገር ካጋጠማችሁ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። እ.ኤ.አ. በ1992 እንግሊዝ አገር ሆክስን በሚባል መንደር አንድ ሰው የገበሬ ወዳጁን የጠፋ መዶሻ ሊፈልግ ወጥቶ የሮማውያን ዘመን ወርቅና ብር ላይ ወደቀ። ሁሉን ቆፍሮ አላወጣም። አቁሞ አመለከተ፣ ባለሙያዎች በሥርዓት አወጡት። 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸለመ፣ ከገበሬውም ጋር ተካፈለ። መዶሻውም ተገኝቷል!

"አገር ቤት ልላከው" ለምትሉም አንድ ቃል። በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ መፈለግና መቆፈር ያለ ፈቃድ አይቻልም። የድሮ ገዳምና ፍርስራሽ አጠገብ ይዞ መዞር መዝናኛ ሳይሆን መዘዝ ነው። ጦርነት ባለፈበት ቦታ ደግሞ መሬት ውስጥ የሚጮኸው ነገር ፈንጂ ሊሆን ይችላል። የመዝናኛ መሣሪያ ፈንጂ አይለይም። እዚያ አትሞክሩት!

የቀለበቱስ ነገር?

ሽማግሌውን ሰምቼ ውሃ የሚችል፣ በብዙ ሞገድ የሚሠራ መሣሪያ በ650 ዶላር ገዛሁ። ባለቤቴ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር!" አለች። እውነቷን ነው፣ ቀለበቱ ራሱ ይህን ያህል አላወጣም። ግን ያቺን የመኪና ውስጥ ቃል የምመልስበት ሌላ መንገድ አላወቅሁም። እንዲህ ማለትም አፍሬ ዝም አልኩ።

ሁለት በጋ ሙሉ ፈለግሁ። የጣሳ መክፈቻ በላስቲክ በላስቲክ አወጣሁ። የኛ ቀለበት አልተገኘም። በሦስተኛው በጋ ግን መክፈቻ ነው ብዬ የዛቅሁት የሴት ቀለበት ሆነ። ውስጡ ሁለት ስምና የጋብቻ ቀን ተቀርፆበታል። ለከተማው ፖሊስ አስረከብኩ። ባለቤቲቱ "ጠፋብኝ" ብላ አስመዝግባ ኖሮ ከጥቂት ቀን በኋላ ስልክ ደወለችልኝ። ታለቅሳለች። ባለቤቴ አጠገቤ ሆና ትሰማለች።

የዚያን ጊዜ ነው ያፈርኩት። እኛ ቀለበቱ ሲጠፋ ለማን አመለከትን? ለማንም! መሣሪያ ልገዛ ሱቅ ለሱቅ ስሮጥ፣ ማመልከት የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም። ዕቃ ሲጠፋባችሁ ከሁሉ በፊት ሄዳችሁ አስመዝግቡ። አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። እኛም በሦስተኛ ዓመታችን ሄደን አስመዘገብን።

ስንመለስ ያንኑ መንገድ ነው የነዳሁት። በዚያች እሁድ ስለተናገርኩት ነገር ይቅርታ ጠየቅኋት። መስኮቱን እያየች ብዙ ቆየችና፣ "የኔንም እንዳንተ ያለ አንድ ጅል ያገኘው ይሆናል" አለችኝ። እጇንም እጄ ላይ አደረገች።

ቸር ይግጠመን።