ሀብ ወይስ ስዊች፦ ለቤትና ለቢሮ የኔትወርክ ማገናኛ አመራረጥ

ሀብ የሚባለው መሣሪያ በአንዱ ፖርት፣ ማለትም በኬብል መሰኪያው፣ የተቀበለውን መልእክት ለማን እንደተላከ ሳይለይ በሌሎቹ ፖርቶች ሁሉ የሚያስተጋባ ሲሆን፣ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ሲልኩ መልእክቶቹ ስለሚጋጩ እንደገና መላክ ግድ ይሆናል። ስዊች ግን እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ የሚታወቅበትን፣ ማክ አድራሻ የተሰኘውን ባለ 48 ቢት መለያ ከየትኛው ፖርት እንደመጣ መዝግቦ ስለሚይዝ፣ መልእክቱን በተቀባዩ ፖርት ብቻ ያደርሳል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ሀብ ይህን አቅም ለተገናኙት ሁሉ ሲያካፍል፣ አቻው ስዊች ለእያንዳንዱ ፖርት ሙሉውን ይሰጣል። ስለዚህ ሀብ በርካሽ ቢገኝ እንኳ መግዛት አይገባም።

ለመኖሪያ ቤት ማዋቀር የማይጠይቅ ባለ 5 ወይም ባለ 8 ፖርት የጊጋቢት ስዊች ይበቃል፤ አንዱ ፖርት ወደ ራውተሩ በሚሄደው ኬብል እንደሚያዝ ግን መዘንጋት የለበትም። በቢሮ የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተሮች ከእንግዶች ዋይፋይ መለየት ሲያስፈልግ፣ ቪላን የተባለውን፣ አንድን ስዊች ወደ ተለያዩ ኔትወርኮች የሚከፍለውን አሠራር የሚደግፍ ስዊች ይመረጣል።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ፒኦኢ ነው፤ ይህም ለደኅንነት ካሜራና ለዋይፋይ ማሰራጫ ኤሌክትሪክን በዚያው የኔትወርክ ኬብል የሚልክ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 802.3ኤኤፍ ደረጃ በአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት፣ በ2009 የወጣው 802.3ኤቲ ደግሞ እስከ 30 ዋት ይፈቅዳል፤ ሆኖም ጠቅላላ የኃይል አቅሙ 60 ዋት የሆነ ባለ 8 ፖርት ስዊች ለስምንቱም 15.4 ዋት ሊያደርስ ስለማይችል፣ የካሜራዎቹ ፍጆታ ከግዢ በፊት ተደምሮ ከዚህ አቅም ጋር መነጻጸር አለበት።