አሮጌው ጄት ሲሰናበት ረጅሙን መስመር ማን ይረከባል?

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የተመላለሰ ሰው ልብ ይለዋል፤ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ይታረፋል፤ ሲመለሱ ግን ቀጥታ ነው። ርቀቱ ያው ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ?

አንደኛው ምክንያት ቦሌ ነው። ማረፊያው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እዚያ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅም ሙሉ ጭነትም ይዞ መነሳት ይቸግረዋል። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከፊት ይገጥመዋል።

እንግዲህ ቦይንግ 767ን የመሰለ አሮጌ ጄት ሲሰናበት ማን ይተካዋል? «ሩቅ የሚበረው» ማለት ብቻ አይበቃም። ነዳጅ ራሱ ክብደት ነው፤ በረጅም በረራ ከሚቃጠለው ከፊሉ የሚያልቀው የቀረውን ነዳጅ ለመሸከም ነው። ስለዚህ ትንሽ ቁጠባ በረጅም መስመር ላይ ትልቅ ትሆናለች።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከካርቦን ፋይበርና መሰል ቁሶች የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ቆጣቢ አውሮፕላን ረጅሙን መስመር ሲይዝ፣ የቀደመው ወደ አጭር መስመር ይወርዳል፤ ወይም ወንበሩ ተነቅሎ ጭነት ያመላልሳል።

የነዳጅ ሒሳብ ብቻውን ግን አይበቃም። አብራሪውም ለአዲሱ ዓይነት መሠልጠን አለበት፤ መለዋወጫውም በየጣቢያው መገኘት አለበት። አንድ ጄት ሲወጣ ድልድሉ በሙሉ የሚነካካው ለዚህ ነው።