የነጋዴ መዝገብ በኮምፒዩተር ሲያዝ ማደሪያው የት ይሁን?

በመርካቶ ዱባይ ተራ ሱቅ አለዎት እንበል። የዕቃዎንና የዱቤዎን ሒሳብ ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር ቢያስቡ፥ እንደ ኢአርፒኔክስት ያለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ነገር ግን ማደሪያ ያሻዋል፤ ይኸውም ወይ በሱቅዎ ባለ አንድ ኮምፒዩተር፥ ወይ በኪራይ በተያዘ ሰርቨር ላይ ነው።

የኪራዩ ሰርቨር ሱቁን በሌላ ሰፈር ካለ መጋዘን ጋር በአንድ መዝገብ ያገናኛል፤ የማሽኑም ጥገና የአከራዩ ነው። ዳሩ ግን ሰርቨሩ ውጭ አገር ከሆነ መንገዱ ኢንተርኔት ብቻ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፥ መዝገቡን በዚያ ያኖረ ነጋዴ ማን ስንት እንዳለበት ሊያይ አይችልም ነበር።

በሱቅ ያለው ግን፥ ኮምፒዩተሮቹ በሽቦ ከአንድ ራውተር እስከተያያዙ ድረስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መብራት ቢጠፋ ዩፒኤስ በሥርዓት እስኪዘጋ ያቆየዋል። ለአንድ ሱቅ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ሆኖም ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣውን ቃጠሎ ያስታውሱ። ፕሮግራሙ ቢቃጠል ዳግመኛ ይጫናል፤ የዱቤው ሒሳብ ግን ከእርስዎ በቀር ማንም ዘንድ የለም። ስለዚህ ግልባጩ በይለፍ ቃል ተቆልፎ በየማታው ከመርካቶ ይውጣ፤ ኢንተርኔት ባይኖር በፍላሽ ወደ ቤት ይወሰድ። በወር አንድ ጊዜም በሌላ ኮምፒዩተር ከፍተው የአንድ ባለዕዳ ስም ይፈልጉ፤ ስሙና ቀሪ ዕዳው ካልወጣ፥ በዚያው ዕለት ባለሙያውን ያስጠሩ።