ዕጩን ከመገመት ዳኝነትን ወደ መጨበጥ

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰብ ኑሮ ተነጥሎ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አይደለም። በኪነ ጥበብ ላይ የሚሰጥ ዳኝነትም እንዲሁ ከሰዎች፣ ከገንዘብና ከድርጅት ተነጥሎ አይወለድም። ይህን መሠረታዊ ነጥብ ይዘን በየዓመቱ የሚመላለሰውን አንድ ጥያቄ እንመርምር። ለታላላቆቹ የፊልም ሽልማቶች በዕጩነት የሚቀርቡት ተዋናዮች እነማን ይሆናሉ? ጥያቄው በሎስ አንጀለስ ብቻ የሚነሣ አይደለም። በደብረ ማርቆስም ከሥራ መልስ አንድ ጠረጴዛ የሚከቡ ሠራተኞች ስለ ኦስካርም ሆነ ስለ አገራችን የጉማ ሽልማት «ዘንድሮ ማን ይገባል?» ቢባባሉ የሚያስገርም አይሆንም።

እኛ ግምቱን አንነቅፍም። ያየውን መመዘንና የነገውን አስቀድሞ መናገር መውደድ የንቁ አእምሮ ምልክት ነው። ነገር ግን የምንገምተው የተዋናዩን ችሎታ ነው ወይስ የመራጮቹን ልማድ? ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸውና መለየት ይገባል።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንይ። በተለምዶ ኦስካር የሚባለው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ተዋናዮችን ለዕጩነት የሚያቀርበው ሕዝብ ሳይሆን የአካዳሚው አባላት የሆኑ ተዋናዮች የሚገኙበት ቅርንጫፍ ነው። በመሪና በረዳት ተዋናይነት፣ በወንድና በሴት፣ በአራት ዘርፎች አምስት አምስት፣ በድምሩ 20 ዕጩዎች ይሰየማሉ። አሸናፊውን ግን መላው የአካዳሚ አባል ይመርጣል። ተዋናዩ ለዚህ ውድድር እንዲበቃ ፊልሙ አካዳሚው ከወሰናቸው የአሜሪካ ከተሞች በአንዱ፣ በንግድ ሲኒማ ቤት፣ ለ7 ተከታታይ ቀናት መታየት አለበት። እንግዲህ ገና ከበሩ ላይ ችሎታ ብቻውን አያስገባም፤ ፊልሙን ወደዚያ ሲኒማ ቤት የሚያደርስ ገንዘብና አከፋፋይ ያስፈልጋል።

ግምትን ሙያቸው ያደረጉ ጸሐፊዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህም የተዋናዩን ፊት ብቻ አያዩም። ፊልሙን ያወጣው ኩባንያ የትኛው ነው? የወጣው የመራጮች ትዝታ ሳይደበዝዝ፣ በዓመቱ መጨረሻ ወራት ነውን? ለቅስቀሳ ምን ያህል ወጪ ተደርጓል? የብሪታንያው የፊልም አካዳሚ፣ ጎልደን ግሎብና የአሜሪካ የተዋናዮች ማኅበር ቀድመው ባወጡት ዝርዝር ተዋናዩ አለን? የተጫወተው በታሪክ የታወቀን ሰው ነውን? እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል የመለሰ ሰው ፊልሞቹን ባያይም እንኳ ከአምስቱ ዕጩዎች አብዛኛዎቹን ሊያውቅ ይችላል። አሳዛኙም ነገር ይኸው ነው። ሳይታይ የሚታወቅ ዳኝነት ስለ ጥበቡ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ሆኖም ቀመሩም ይሰበራል። በአዲስ አበባ የተወለደችውን፣ ከኢትዮጵያዊ ሐኪም አባትና ከአየርላንዳዊት ነርስ እናት የተገኘችውን ሩት ነጋን እንውሰድ። «ላቪንግ» በተባለው ፊልም ነጭ በማግባቷ የተከሰሰችውን ጥቁር አሜሪካዊት ሚልድረድ ላቪንግን ተጫወተች። የጥንዶቹ ክስ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በድል የተቋጨ እውነተኛ ታሪክ ነው። ጎልደን ግሎብ በዕጩነት ቢያቀርባትም የአሜሪካ የተዋናዮች ማኅበር በዝርዝሩ አላስገባትም ነበር፤ የማኅበሩን ዝርዝር ብቻ የተከተለ ገማች ከመዝገቡ ሰርዟት ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ግን የአካዳሚው ተዋናዮች ከአምስቱ መሪ ተዋናይት ዕጩዎች አንዷ አደረጓት።

ይህ በድንገት የመጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016፣ በተከታታይ ሁለት ዓመታት፣ 20ዎቹም የትወና ዕጩዎች ነጮች ነበሩ። ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። አካዳሚው የሴቶችና የነጭ ያልሆኑ አባላቱን ቁጥር እስከ 2020 ድረስ በእጥፍ ለማሳደግ ቃል ገባ፤ በዚያው በ2016 ለ683 አዳዲስ አባላት ጥሪ አደረገ። በሚቀጥለው ዓመት ከ20ዎቹ ዕጩዎች 7ቱ ነጭ ያልሆኑ ነበሩ። በዚያ ዓመት የወጡት ፊልሞች የራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው አንክድም። ነገር ግን የጥቁር ተዋንያን ችሎታ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከባዶ አልበቀለም። የተለወጠው በዋናነት የተመልካቹ ዓይንና የመራጩ ማንነት ነው። ሕዝብ ሲጠይቅ ዳኛ ይነቃል።

የሽልማቱ ታሪክ በቅራኔ የተሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ሀቲ ማክዳንኤል ኦስካር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይት ሆነች። የተጫወተችው የቤት አገልጋይ ሆና ነበር፤ በሽልማቱም ምሽት ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተለይታ በሌላ ጠረጴዛ እንድትቀመጥ ተደርጓል። ክብሩ ተሰጣት፣ ወንበሩ ተነፈጋት። በሌላ በኩል በሞቃዲሾ ተወልዶ በስደት ወደ አሜሪካ ሚኒያፖሊስ የገባው ባርካድ አብዲ የሊሙዚን ሾፌር ሆኖ ይሠራ ነበር። ለሁሉም ክፍት በሆነ የተዋናይ ምልመላ ቀርቦ በመጀመሪያ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 ለኦስካር ዕጩ ሆነ፤ የብሪታንያውንም የረዳት ተዋናይ ሽልማት ወሰደ። ከምልመላው በፊት ይህን ሊገምት የሚችል ገማች አልነበረም። ምልመላው ለታዋቂዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ሾፌር ዛሬም በመሪው ላይ በሆነ ነበር። በሩ ሲከፈት ችሎታ ከወዛደሩም መካከል ብቅ እንደሚል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ወደ አገራችን እንመለስ። የጉማ ሽልማት በ2006 ዓ.ም. በፊልም አዘጋጁ ዮናስ ብርሃነ መዋ የተመሠረተ ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው ሚሼል ፓፓታኪስ ካዘጋጀው ከቀድሞው ጉማ ፊልም ነው። በውጭው መድረክም ኢትዮጵያ አትሌቱን፣ ድፍረትንና ላምብን በየጊዜው ለኦስካር የውጭ ፊልሞች ውድድር አቅርባለች፤ አንዳቸውም ከዕጩዎቹ ተርታ አልገቡም። ይሁን እንጂ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሥራ የሆነውና ሜሮን ጌትነት የሕግ ባለሙያ ሆና የተወነችበት ድፍረት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አሸንፏል። አዳራሽ ገብቶ ያየ ሕዝብ ጠለፋን የሚታገለውን ይህን ፊልም መረጠ፤ የኦስካሩ ዝርዝር ግን አላካተተውም። የኃይሌ ገሪማ ጤዛም እ.ኤ.አ. በ2009 በዋጋዱጉ የአፍሪካን ታላቅ የፊልም ሽልማት ሲቀበል የሆሊውድን ፈቃድ አልጠበቀም። የዓለም ሚዛን አንድ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ ይሰመርበት። አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ደንብ፣ ከ98ኛው ሽልማት ጀምሮ በመጨረሻው ዙር ድምፅ የሚሰጥ አባል በዘርፉ የቀረቡትን ፊልሞች ሁሉ እንዲያይ አስገድዷል። እንግዲያውስ ከዘጠና በሚበልጡ ሽልማቶች ሁሉንም ሳያዩ መምረጥ ይቻል ነበር ማለት ነው! ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ተማሪው ቅኔውን በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል፤ ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ተሰምታ፣ ተመርምራ፣ ታርማ ነው የምትመዘነው። ያልሰማውን ቅኔ የሚፈርድ መምህር የለም።

ይኸው ምድር ያፈራቸው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ፍቅር እስከ መቃብርን ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ሕዝቡ የዕጩዎች ዝርዝር እስኪወጣ አልጠበቀም። ሰማ፣ መዘነ፣ ፈረደ። ዛሬም ጉዱ ካሣን በወጋየሁ ድምፅ የሚያስታውስ አድማጭ ብዙ ነው።

ይህን ስንል የባለሙያን ዳኝነት ማቃለላችን አይደለም። የሸማኔን ጥበብ ሸማኔ ጠልቆ እንደሚያውቀው ሁሉ፣ ተዋናይም የተዋናይን ድካም ያውቃል። የተመልካቹም ድምፅ ቢሆን በዝናና በማስታወቂያ ሊሳሳት ይችላል። መድኃኒቱ አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንገሥ ሳይሆን፣ አይቶና ተከራክሮ የሚፈርድ ተመልካች ማብዛት ነው።

ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የፊልም አምራቹም፣ ገንዘቡም፣ ጋዜጠኛውም በብዛት ያለው ከዓባይ ማዶ ነው። በትምህርት ቤት መድረክ ወይም በባህል ቡድን ውስጥ የሚተውን የዚህ አካባቢ ወጣት በማንም ገማች መዝገብ የማይገኘው ችሎታ ስላነሰው ሳይሆን ያየው ስለሌለ ሊሆን ይችላል። እኛ የሩቁን ዕጩ ስንቆጥር አጠገባችን ያለውን ካላየን፣ የምንነቅፈውን ጉድለት በገዛ እጃችን ደገምነው ማለት ነው።

ስለሆነም የሠፈር ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት በየአዳራሻቸው የአገር ፊልምና የአካባቢውን ቲያትር በጋራ የሚያዩበትን ምሽት ቢያዘጋጁ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከትርኢቱ በኋላ ሦስት ጥያቄዎች ይነሡ። ተዋናዩ የተጫወተውን ሰው አሳመነን? ያ ሰው የየትኛውን ወገን ኑሮ ያሳያል? ታዋቂ ባይሆን ኖሮ እንመርጠው ነበርን? ከዚያ በኋላ ያየ ሁሉ ድምፁን ይስጥ፤ የተመረጠውም ወጣት ስሙ በአካባቢው ሬዲዮና ጋዜጣ ይነገርለት።

መገመቱ ይቀጥል፤ ጨዋታ ነውና አይከፋም። ነገር ግን የሌሎችን ፍርድ አስቀድሞ ማወቅ የራስን ፍርድ መስጠትን አይተካም። ሠርቶ አደሩ ሕዝብ ዓይንም ጆሮም አለው፤ አይቶ ይፍረድ!