አርታዒው የማያውቀውን ማን ይነግረዋል? ስለ ኮድ ማሟያ አዘገጃጀት

በቅርቡ በቤተ ሙከራ ያየሁትን ላስቀድም። አንድ ተማሪ በኒዮቪም የሲ ፕሮግራም ይጽፋል፤ ጥቂት ፊደላት በጻፈ ቁጥር የቃላት ዝርዝር ይመጣለታልና ኮድ ማሟያው በትክክል እንደተዘጋጀ አልተጠራጠረም። ዝርዝሩ ግን ራሱ በዚያው ፋይል ውስጥ ቀደም ብሎ የጻፋቸው ቃላት ስብስብ ነበር። አንድ ጊዜ አሳስቶ የጻፈው የተለዋዋጭ ስም ተመልሶ ይቀርብለታል፤ እርሱም እየመረጠ ስህተቱን ያባዛዋል።

አርታዒ የሚያውቀው ፊደልንና መስመርን እንጂ የሲን ሰዋስው አይደለም። ሰዋስውን የሚያውቀው ራሱን የቻለ ሌላ ፕሮግራም፣ የቋንቋ ሰርቨር የምንለው ነው። ቀድሞ ለእያንዳንዱ አርታዒና ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ ማገናኛ ይጻፍ ነበር፤ ለ10 አርታዒዎችና ለ20 ቋንቋዎች 200 ማገናኛ ማለት ነው። በ2016 ማይክሮሶፍት ከሬድ ሃትና ከኮድኤንቪ ጋር ይፋ ያደረገው የቋንቋ ሰርቨር ፕሮቶኮል ይህን ወደ 30 አወረደው። አርታዒው ፋይሉን፣ መስመሩንና የጠቋሚውን ቦታ በጄሶን ጽፎ ይልካል፤ ሰርቨሩም የአማራጮችን ዝርዝር ይመልሳል።

ለሲ ክላንግዲን እንጭናለን። ከዚያም ለአርታዒው ሦስት ነገር እንነግረዋለን፦ የትኛውን ትእዛዝ እንደሚያስነሣ፣ ለየትኞቹ ፋይሎች፣ የፕሮጀክቱ ሥር አቃፊ በምን እንደሚታወቅ። ከኒዮቪም 0.11 ወዲህ ይህ ያለ ተጨማሪ ፕላግኢን ይከናወናል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ከዚህ በኋላ ነው። ክላንግዲ ፕሮግራማችሁ በምን አማራጮች እንደሚገነባ፣ የሄደር ፋይሎቹም የት እንዳሉ በራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ የግንባታ ትእዛዞችን የሚዘረዝር የጄሶን ፋይል ይሻል። ፋይሉን ካጣ በግምት ይሠራል፤ ሄደሩን ካላገኘ የስትራክቱን አባላት አያሳይም። በሲሜክ ለሚገነባ ፕሮጀክት አንድ አማራጭ ማብራት ፋይሉን ያስገኛል፤ በሜክ ለሚገነባ ደግሞ ቤር የተባለው መሣሪያ ግንባታውን ተከታትሎ ይጽፈዋል።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ፕሮቶኮሉ የጠቋሚውን ቦታ በነባሪ የሚቆጥረው በዩቲኤፍ 16 ነው፤ ፋይሎቻችን ግን በአብዛኛው በዩቲኤፍ 8 ይቀመጣሉ። «ሰላም» በመጀመሪያው 3፣ በሁለተኛው 9 ይቆጠራል። አርታዒው ባይት ቆጥሮ ከላከ፣ ሰርቨሩ ከጠቋሚው 6 ቦታ አልፎ ይመለከታል፤ የሚመልሰውም ላልጠየቅነው ጥያቄ ነው። በኮድ ውስጥ አማርኛ አትጻፉ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በ2022 የወጣው የፕሮቶኮሉ 3.17 እትም ሁለቱ ወገኖች ሥራ ሲጀምሩ በአቆጣጠሩ እንዲስማሙ ፈቅዷል። ለመፈተሽ በአንድ መስመር መካከል «ሰላም» የሚል ጽሑፍ አስገቡ፤ ከእርሱ በፊትና በኋላ ማሟያውን ጠይቁ። ከቃሉ በፊት ሠርቶ ከቃሉ በኋላ ከሳተ፣ ችግሩ ቆጠራው ላይ ነው።