የዓባይ በረሃ መንገድ

ጎሐ ጽዮን ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ማዶ ለሚመለከት፣ ደጀን ቅርብ ናት። በመኪና ግን ሸለቆውን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ለመውጣት 40 ኪሎ ሜትር ያህል መጠምዘዝ ግድ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ከሚወስደው መንገድ ሁሉ ብዙ ልፋት የጠየቀው ይኸው ቁራጭ ነው።

መኪና ከመምጣቱ በፊት ነጋዴው የዓባይን መጉደል ይጠብቅ ነበር፤ ክረምት ከገባ ሸዋና ጎጃም ተለያዩ ማለት ነው። መኪና የሚያስኬድ መንገድ ወደ ሸለቆው ያወረደው ጣሊያን ነው፣ ለጦሩ ስንቅና ጥይት ማመላለሻ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ለቆ ሲያፈገፍግም የሸሸው በዚሁ መንገድ፣ ሰፋርታክ በሚባለው የዓባይ መሻገሪያ በኩል ነው። ከነጻነት በኋላ የኮንክሪት ቅስት ድልድይ ተሠራ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ ሕዝቡ ዛሬም «አውራ ጎዳና» የሚለው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር የአገሪቱን ዋና ዋና መንገዶች ማደስና መጠበቅ ሥራው ሆነ።

መጠበቁ ነው ከባዱ። የሸለቆው አናት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ጄሶና እንደ ጭቃ የሚለሰልስ ድንጋይ ተነባብሯል። የክረምቱ ውኃ በስንጥቁ ሰርጎ የላላውን ንብርብር ሲያርሰው፣ ከላይ ያለው አፈር ከነመንገዱ ወደ ታች ይንሸራተታል። ፍልቅልቅና ኩራር አካባቢ የሚያልፍ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል፤ አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ጎን ይሰምጣል፣ የጠርዙ ግንብ ወደ ገደሉ ያዘነብላል። ከባድ ጭነት የጫነ ሾፌር በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑ እንዳይግል እየሳሳለት የሚወርደው በዚህ ላይ ነው።

በጃፓን መንግሥት እርዳታ መንገዱ እንደገና ተሠራ፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያም 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ጎን ተከፈተ። አሮጌው ከስድሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ ደክሞ ነበር፤ ከባድ መኪኖች አንድ በአንድ ተራ እየጠበቁ ይሻገሩበት ነበር።

ድልድዩ ሲመረቅ ሁሉም ያወራለታል። ቦይ የሚጠርገውን፣ በናዳ የተደፈነ ቱቦ የሚከፍተውን፣ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) የሚደረድረውን ሠራተኛ ግን ማንም አያነሳውም። እኔ ግን መንገዱን በሕይወት ያቆየው እሱ ነው እላለሁ፤ ቦዩ ከሰኔ በፊት ካልተጠረገ ውኃው አስፋልቱን ተሻግሮ የታችኛውን ዳገት ይዞት ይወርዳልና።