ደም የመመለስ ታሪክ አተራረክ፤ በአንድ የሥዕል ፊልምና በአንበሳሜ

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው በሥዕል የተሠራ አንድ የጀግና ፊልም ታሪኩን በምን ዐይነት ሥርዓት እንደሚተርክ ነው። ፊልሙ «ባትማን፤ ማስክ ኦቭ ዘ ፋንታዝም» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የምትሐቱ ጭምብል» እንደ ማለት ነው። ኤሪክ ራዶምስኪና ብሩስ ቲም አዘጋጅተውት በአሜሪካ የታየው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. በልደት ቀን ነበር። አንባቢ «እንዲህ ያለው የልጆች ጨዋታ ለምርምር መጽሔት ምን ይረባል?» ቢለን አንፈርድበትም፤ እኛም በመጀመሪያ ያየነው ለጨዋታ ነውና። ጨዋታውን ወደ ጥናት የለወጡብን አንድ የአንበሳሜ ሽማግሌ ናቸው።

ታሪኩን ላላየው ሰው በአጭሩ እናቅርበው። ብሩስ ዌይን የተባለው ባለጸጋ ልጅ ሳለ አባቱንና እናቱን አንድ ወንበዴ በመንገድ ላይ በዐይኑ ፊት ገደለበት። ስለዚህ ዕድሜውን ሁሉ ወንጀለኛን ሲያሳድድ ሊኖር ለሙታኑ ማለ። እስከዚህ ያለው የቆየ ነው፤ ባትማን በአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ላይ የታየው በ1939 ሲሆን፣ የወላጆቹም ሞት የተጻፈው በዚያው ዓመት ነው። ፊልሙ የጨመረው ሌላ ነገር ነው። ብሩስ ገና ጭምብሉን ሳያጠልቅ፣ አንድሪያ የምትባል ልጃገረድ በመቃብር ስፍራ ከሞተች እናቷ ጋር ስትነጋገር አገኛት። ወደዳትም። አንድ ሌሊት በዝናብ ወደ ወላጆቹ መቃብር ሄዶ ተንበረከከና ከመሐላው እንዲፈቱት ለመናቸው፤ መሐላውን ሲምል ደስታ ያገኘኛል ብሎ አላሰበም ነበርና። ሙታኑ መልስ አልሰጡም። አንድሪያም ልታገባው ከተስማማች በኋላ ደብዳቤ ትታለት ከአባቷ ጋር ከአገር ጠፋች። እርሱም ጭምብሉን አጠለቀ። ከብዙ ዓመት በኋላ ፊቱ የተሸፈነ፣ በጢስ መካከል የሚመጣ አንድ ገዳይ የቀድሞዎቹን የወንበዴ አለቆች ተራ በተራ ይፈጃቸው ጀመር፤ ከተማውም «ይህን የሚያደርገው ባትማን ነው» አለ።

ፊልሙ ስለ ጨለማነቱ ይወሳል። ይህ ጨለማ በከፊል የእጅ ሥራ ነው። ከፊልሙ በፊት በ1992 በተጀመረው የቴሌቪዥን ተከታታይ ታሪክ ሠዓሊዎቹ ከተማውን የሚሥሉት በነጭ ወረቀት ላይ ሳይሆን በጥቁር ወረቀት ላይ ነበር። በነጭ ወረቀት የሚሥል ሰው ጥላን ይጨምራል፤ በጥቁር የሚሥል ግን ጨለማውን እንዳለ ትቶ መስኮቱን፣ ፋኖሱን፣ የዝናቡን ነጸብራቅ ብቻ ያወጣል። ነገር ግን ቀለም ብቻውን ታሪክን አያጨልምም። ጨለማው ከሌላ ስፍራ እንደሚመጣ የተረዳነው በኋላ ነው።

በዕረፍት ጊዜ ወደ ደራ ወርደን አንበሳሜ በቆየን ጊዜ፣ በአንድ ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ በአካባቢው ለዕርቅ የሚጠሩ አንድ አዛውንት «እናንተ ደግሞ ከተማ የሰማችሁትን አጫውቱን» አሉን። እኛም ይህን ፊልም ተረክንላቸው። ፊልሙ የሚጀምረው ከግድያው ነውና እኛም ከዚያው ጀመርን፤ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ እንደ ገና ወደ ፊት። ጥቂት እንደ ሄድን አቋረጡን። «ልጆቼ፣ ነገር ከራሱ ይጀመራል እንጂ ከእግሩ ይጀመራል? ከመነሻው ንገሩኝ» አሉ። ነገሩን በዘመኑ ቅደም ተከተል አስተካክለን ደገምንላቸው። የአንድሪያ አባት የወንበዴዎቹን ገንዘብ አጉድሎ በእጃቸው እንደ ሞተ ስንነግራቸው፣ «ወንድም የላትም?» ሲሉ ጠየቁ። የለም አልን። «እንግዲያ ገዳይዋ እርሷ ናት» አሉና ቡናቸውን ፉት አሉ።

ፊልሙ ለረጅም ጊዜ ሸሽጎ የሚያቆየውን ምስጢር እርሳቸው በአንድ ትንፋሽ ደረሱበት። ይህም የሆነው ሽማግሌው ከፊልሙ ሠሪዎች ይልቅ ብልሆች ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም፤ የሁለቱ አተራረክ ሥርዓት የተለያየ ስለ ሆነ ነው። ፊልሙ ቁስሉን አስቀድሞ አሳይቶ ምክንያቱን ያዘገያል፤ ገዳዩንም በወንድ ቁመናና በወንድ ድምፅ እየሸፈነ፣ ተመልካቹ አባትዮው በሕይወት ያለ እንዲመስለው ያደርጋል። በደጋው አገር የደም ታሪክ ግን ማን እንደ ገደለ ምስጢር አይደለም። ተራኪው ከትውልድ ይነሣል፤ የወሰኑን ጠብ ይነግራል፤ የሟቹ ጠብመንጃና ልብስ በለቅሶው ላይ እንዴት እንደ ወጣ፣ ልጁ ምን እየተባለ እንዳደገ ይተርካል። አድማጩ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቀው የገዳዩን ስም ሳይሆን ነገሩ እንዴት እንደሚቆም ነው።

ስለ ጀግናው ስምም ክርክር ተነሣ። የእኛ ጀግና የፈረስ ስም አለው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫው አድርጎ በአጠገቧ በጋፋት መድፍ ሲያሠራ ማን እንደ ሆነ የማያውቅ አልነበረም፤ የፈረስ ስም በፉከራ የሚጮኽ፣ ባለቤቱን አጉልቶ የሚያሳይ ነው እንጂ የሚሸሽግ አይደለም። የባትማን ሁለተኛ ስም ደግሞ ባለቤቱን ለመሰወር የወጣ ነው። በዚያ ላይ የሌሊት ወፍ! በተረታችን ወፎች ግብር ሲጠይቋት አይጥ ነኝ፣ አይጦች ሲጠይቋት ወፍ ነኝ የምትል አታላይ ናትና ሽማግሌው በዚህ እጅግ ሣቁ። (በ2018 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኢታን ኮሚክስ ያሳተመው የኢትዮጵያ የሥዕል መጽሐፍ ለጀግናው «ጀምበር» የሚል ስም ማውጣቱ ደግ ምርጫ ይመስለናል፤ ሽማግሌውም አይሥቁበትም ነበር።)

ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን ሦስት ጥያቄ አከታትለው ጠየቁን። «ልጁን ያሳደገው ማን ነው?» የቤቱ አሽከር አልን። «የአባቱ ደመኛ ማን እንደ ሆነ ታወቀ?» በዚህ ፊልም አይነገርም አልን። «ታዲያ ይህ ሁሉ ዓመት ሲሆን ሽማግሌ አልገባም?» እዚህ ላይ የምንመልሰው አጣን።

እንደምናየው የፊልሙ ጨለማ ያለው በዚህ ሦስተኛ ጥያቄ ውስጥ ነው። ብሩስ ዌይን ደም አይመልስም፤ ሰው መግደልን እንቢ ብሏል። ደግሞም አልታረቀም። አንድሪያ ደሟን መለሰች፤ ከመለሰችም በኋላ ዕረፍት አላገኘችም። በሁለቱ መካከል ቆሞ «ይብቃ» የሚል ሰው በታሪኩ ውስጥ ፈጽሞ የለም። አሽከሩ አልፍሬድ ደግ ሰው ነው፤ ብቀላ የሰውን ነፍስ እንደሚያጠቁር ያውቃል፣ ጌታውንም ያጽናናል። ነገር ግን የሚያጽናና ሰውና የሚያስታርቅ ሰው ልዩነት አላቸው። በእኛ አገር ገዳይ ጫካ ሲገባ፣ ቄሱ መስቀል ይዞ፣ ሽማግሎች ከሁለቱም ወገን ተመርጠው፣ ካሳው ተቆርጦ፣ መሐላው በመሐላ ይፈታል። ይህ ሁልጊዜ ይሳካል አንልም፤ ብዙ ጊዜ እንደማይሳካ የደጋው ሰው ሁሉ ያውቃል። ቢከሽፍም እንኳ ተራኪው የሽማግሎቹን መምጣትና መመለስ ሳይናገር አያልፍም።

ለዚህ ከአባይ ማዶ አንድ ምሳሌ አለን። በላይ ዘለቀ፣ አባ ኮስትር፣ አባቱን ሊይዙ በተላኩ ሰዎች እጅ አጥቶ ደም ሊመልስ የሸፈተ የጎጃም ሰው ነው። አጀማመሩ ከባትማን ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሩን ሲይዝ ግን የግሉ ጠብ ወደ አገር ጠብ ተለወጠና ስመ ጥር አርበኛ ሆነ፤ ከነጻነት በኋላም ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። ተራኪዎቻችን የሚያለቅሱትም የሚፎክሩትም በመጨረሻው ላይ ነው። ባትማን ግን መጨረሻ የለውም። ነጋዴው የሚቀጥለውን መጽሔት መሸጥ ስላለበት ጀግናው አይሞትም፣ አያገባም፣ አይታረቅም። በፊልሙም ፍጻሜ አንድሪያ በመርከብ ላይ ብቻዋን ቆማ ትሄዳለች፤ እርሱም በደመናው ላይ የሌሊት ወፍ ምልክት ሲበራ አይቶ ከሰገነቱ ይወረወራል።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደንን ነገር እንናገር። ፊልሙን በመኝታ ቤታችን ስናይ የመቃብሩ ትርኢት በደረሰ ጊዜ አንዱ ጓደኛችን ተነሥቶ ወጣ። እንቅልፍ የያዘው መሰለን። ከአንበሳሜ ተመልሰን የሽማግሌውን ጥያቄ ስናጫውተው ነው ነገሩን የገለጸልን። አባቱ የተገደለው እርሱ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ኮሌጅ ከገባ ወዲህ፣ ለዕረፍት ቤቱ በገባ ቁጥር፣ አንድ የአጎቱ ልጅ የአባቱን ጠብመንጃ ወልውሎ ከፊቱ ያስቀምጥለታል፤ ቃል ግን አይናገርም። ይህን የምንጽፈው በፈቃዱ ነው፤ አገሩን ግን አንገልጽም።

«ያ ልጅ መቃብሩ ዘንድ የሄደው ትክክል ነው» አለን። «በሕይወት ያለውን ሰው ሁሉ ማስረዳት ይቻላል፤ ፈቃድ የምትለምነው ግን የማይመልስልህን ነው።» እኛም ሽማግሌው ስንለያይ የነገሩንን አቀበልነው፤ ዕርቅ በሚወርድበት ቀን በሟቹ ፋንታ «እሺ» የሚል አንድ ሰው ከሽማግሎቹ መካከል ይቆማል፤ ያን ቃል ለመናገር የሚመረጠውም ሟቹን በሕይወቱ ያወቀው ነው ብለውን ነበር። ጓደኛችን ስለዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ጠየቀን። የአባቱን የክርስትና አባት በልቡ ያሰበ ይመስለናል።

በዚያው ሳምንት ትቶት የወጣውን የፊልሙን ክፍል እንድናሳየው ለመነን። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ አየ። መርከቡ ላይ ስትደርስ «ይቺስ ማን አላት?» አለና ተነሥቶ መብራቱን አበራ። ለፋሲካ ወደ አገሩ ይሄዳል።